የሻጋታ አለርጂ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ሳንባ ላይ

አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ በጭድ፣ በፍግና በሻገተ እህል ላይ ይበቅላል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሁላችንም በየዕለቱ እንተነፍሰዋለን፤ ጤነኛ ሳንባም ጠርጎ ያስወጣዋል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም የተያዘ ሰው ግን የአየር ቧንቧው በወፍራም አክታ ስለሚዘጋ ዘሩ እዚያው ይቀመጣል። የሰውነት መከላከያም በአይ.ጂ.ኢ. እና በኢዮሲኖፊል አማካይነት ይቆጣል። ሳይታከም ከቆየ ይኸው ቁጣ የአየር ቧንቧዎችን ለዘለቄታው ያሰፋቸዋል።

በአገራችን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እምብዛም አይታወቅም፤ የላብ ክሎራይድ ምርመራም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ባለሙያ ይህን አለርጂ የሚያገኘው ይልቁንም በአስም ሕሙማን ላይ ሊሆን ይችላል። በ1952 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሕመሙ መጀመሪያ ሲገለጽም በአስም ሕሙማን ላይ ነበር። ሆኖም ከጨቅላነቱ ጀምሮ የሳንባ ምች የሚመላለስበት፣ ቅባታማ ሰገራ ያለውና ዕድገቱ የተገታ ሕፃን ሲመጣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስን ማሰብና ወደ ሕፃናት ሐኪም መላክ ይገባል።

አሳሳቹ ነገር የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ በራጅ ላይ በላይኛው የሳንባ ክፍል የሚታይ ጥላ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። የጂን ኤክስፐርት ውጤት ነፃ ሆኖ ሳለ የነቀርሳ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ቡናማ የረጋ አክታና ቦታውን የሚቀያይር ጥላ መኖሩ ይጣራ። ሪፋምፒሲን የፕሬድኒሶሎንንና የኢትራኮናዞልን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ ስህተቱ ድርብ ጉዳት አለው።

በ2024 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ጠቅላላ አይ.ጂ.ኢ. 500 ዩኒትና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ነገር ግን የአንጀት ትላትልም አይ.ጂ.ኢ. እና ኢዮሲኖፊልን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ በእኛ አገር ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ለአስፐርጂለስ የተለየው አይ.ጂ.ኢ. መታየት አለበት። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ደግሞ ምልክቶቹ ከባክቴሪያ ሕመም አይለዩም። ተገቢው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ያልተሻለው ሕመምተኛ ሊያጠራጥረን ይገባል።

ሕክምናው በኪሎ ግራም 0.5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሰጥቶ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሱ በ4 ወር ገደማ ማቆም ነው፤ ወይም ኢትራኮናዞል ለ4 ወር ይሰጣል። የኢትራኮናዞል እንክብል ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ኦሜፕራዞል ኃይሉን ያዳክመዋል። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ግን ስለ ስትሮንጂሎይድስ ማሰብ ግድ ነው፤ ትሉ በስቴሮይድ ምክንያት በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። አንድ ጊዜ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ትሉን ሳያገኘው ያልፋል፤ አንድ መጠን አልቤንዳዞልም አስተማማኝ አይደለም፤ የሚመረጠው አይቨርሜክቲን ነው።