የፈረስ መንገድና የሰፈር ሥርዓት

ከተማ የሚለው ቃል ዛሬ የድንጋይ ቤትንና የአስፋልት መንገድን ያሳስበናል፤ ነገር ግን በቀድሞው ዘመን ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳን ተክለው የሚቀመጡበት ስፍራ ከተማ ይባል ነበር። ሰፈር የሚለውም ቃል እንደዚሁ ከጉዞ በኋላ ጭነት አራግፎ ከመስፈር የመጣ ነው። ፊታውራሪው ከፊት፥ ግራዝማቹ በግራ፥ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ ሁነው፥ እያንዳንዱ ስፍራውን ዐውቆ ይሰፍር ነበር። ፈረስም የሰው ክብር ስለ ነበረ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ በፈረስ ተጕዞ በሜዳ ማደር የአባቶቻችን ኑሮ ነው እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ኑሮ ዛሬ በሌላ መልክ ተመልሶ ይታያል። በዲንሾ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ከአገሩ ሰው ፈረስ ተከራይቶ ይጓዛል፤ ከደባርቅ ወደ ስሜን የሚወጣውም ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ በድንኳን ያድራል። ከዋና ከተማችንም ሳይርቅ፥ ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል። በተራራው ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት ችግኝ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ነው እየተባለ ይነገራል። ጥዱና ዝግባው፥ ድኩላውና ጉሬዛው ከከተማ ጩኸት ወጥቶ ለሚያድር ሰው ታላቅ ዕረፍት ይሰጣሉ።

ነገር ግን የቀድሞው ሰፈር አንድ ጉድለት ነበረበት። ብዙ ሠራዊት ከሰፈረ በኋላ እንጨቱ ያልቃል፥ ሣሩም ይጋጣል፤ ያን ጊዜ ድንኳን ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይኬዳል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ እንጨት ስለ ጠፋ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ሥራ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ በቶሎ እየበቀለ እንጨት ስላስገኘ ከተማዋ በስፍራዋ ቀረች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ግን የወጨጫ ደን ቢያልቅ ድንኳን ነቅለን የምንሄድበት ሌላ ወጨጫ የለንም።

የስሜን ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ስፍራው በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ግጦሽና እርሻ ስለ በዛበት፥ ዋልያም ስለ መነመነ፥ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካለባቸው ቅርሶች መካከል ተቈጠረ። ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በጥቂት ዘመን የጠፋውን ለመመለስ ሃያ ዓመት ተደከመበት ማለት ነው።

እንግዲህ ፈረስ ሣር ይበላልና ከደን ይከልከል የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። ይህ አሳብ ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ፈረሱን አከራይቶ የሚኖር ገበሬ ከደኑ ጥቅም ካላገኘ ደኑን ስለ ምን ይጠብቃል? ደግሞም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢባልም፥ ጌታ የሌለው ሜዳ የለም፤ መንገደኛው ባዶ መስሎት የሚሰፍርበት መስክ የአንድ መንደር ከብት ማሰማሪያ ነው። ስለዚህ የሚበጀው ከመከልከል ይልቅ ሥርዓት ማውጣት ነው።

ሥርዓቱም ከባድ አይደለም። መንገደኛ ለፈረሱ ገብስና ድርቆሽ ይዞ ይሂድ፤ ፈረሱን በዛፍ ግንድ ላይ አይሰር፥ እየተቁነጠነጠ ልጡን ይልጠዋልና፥ ሥሩንም ይረግጠዋልና። በአሜሪካ የሕዝብ ደኖች በብዙ ስፍራ ከአረም ዘር የጸዳ ድርቆሽ ብቻ እንዲገባ ታዟል፤ ፈረሱም በሁለት ዛፎች መካከል ከፍ ብሎ በተዘረጋ ገመድ ይታሰራል። ድንኳኑም ከወንዝ ርቆ ይተከል፤ እርጥብ እንጨት አይቈረጥ፤ እሳቱም ውኃ ፈሶበት ሳይበርድ ማንም አይነሣ። ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት፥ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 የሰፈርን ንጽሕና ሲደነግግ፥ ሰው መቈፈሪያ ይዞ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ እንዲቈፍርና መልሶ እንዲከድን ያዛል። ዛሬ አዲስ ትምህርት የሚመስለን ነገር ከጥንት የተጻፈ ነው።

ስለዚህ ሹማምንቱ የፈረስ መንገዱንና የማደሪያውን ስፍራ ለይተው ምልክት ቢያደርጉ፥ ከሚከፈለውም ገንዘብ ለባለ ፈረሱና ለመንደሩ ድርሻ ቢወስኑ፥ ደኑ ብዙ ጠባቂ ያገኛል። ካህናቱም የቤተ ክርስቲያንን አጸድ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቈዩ ናቸውና፥ ይህንኑ ትምህርት ከአጸዱ ውጭ ላለው ደን ቢያስተምሩ ሕዝቡ ይሰማቸዋል። አባቶቻችን ሰፈር ሲነቅሉ ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር፤ እኛ ግን ስንነሣ ወደ ኋላ ዘወር ብለን የሰፈርንበትን ሣር እንመልከት፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ የሚያድረው በዚያው ላይ ነውና።