በሩ ራሱን አልከፈተም

ስለ አያቷ ሞት በስፓኒሽ የጻፈች ተማሪዬን «ሙሪዮ» ያልሽውን «ሴ ሙሪዮ» ብትይው ለቤተሰብ ሰው ይበልጥ ይቀርባል አልኳት። ደነገጠች። «ጋሼ፣ አያቴ እኮ ራሷን አላጠፋችም!» አለችኝ።

እስካሁን ይከነክነኛል። «ሙሪዮ» በዜናና በታሪክ የሚለመድ፣ በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ ለሞተም የሚሆን ነው። በሕመም ወይም በእርጅና ያረፈ የቅርብ ሰው ሲሆን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በጨዋታ መካከል «ሴ ሙሪዮ» ይላሉ። ራስን ለማጥፋት ሌላ ግስ አለ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ሥዕል ይቀርብና «ሴ» ማለት «ራሱን» ነው ይባላል። ለመታጠብ ይሠራል። «ላ ፑዌርታ ሴ አብሪዮ» ሲባልስ፣ በሩ ራሱን ከፈተ ልንል ነው? «ዱርሚዮ» ተኛ ነው፤ «ሴ ዱርሚዮ» እንቅልፍ ወሰደው። እዚህ ውስጥ «ራሱን» የቱ ጋ አለ? ይህን ስደጋግም ዓመታት አለፉ፤ አዲስ ተማሪ ሁሉ ያንኑ ትርጉም ይዞልኝ ይመጣል።

የሚያናድደኝ፣ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስሕተት ለመሥራት ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው። «ተ» አለን። በሩ ተከፈተ፣ ብርጭቆው ተሰበረ እንላለን፤ ራሱን ሰበረ የሚል የለም። ሳላስበው ከእጄ ካመለጠኝ ደግሞ «ተሰበረብኝ» እላለሁ። ስፓኒሹም «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ነው፦ እዚህ «ሴ» የ«ተ»ን፣ «ሜ» የ«ብኝ»ን ሥራ ይሠራሉ። ብርጭቆዎቹ ብዙ ከሆኑ «ተሰበሩብኝ» እንደምንለው «ሴ ሜ ሮምፒዬሮን» ይሆናል፤ ግሱ የሚከተለው ብርጭቆዎቹን እንጂ እኔን አይደለም። ተማሪዎቼ ግን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው «ሮምፒ» ይላሉ፤ ሰበርኩት ብለው ጥፋቱን ይሸከማሉ።

ለኃላፊ ጊዜ የተለየ የ«ሴ» ሰንጠረዥ ስጠን የሚሉኝም ከዚሁ የተነሡ ናቸው። የለም። «ሜ»፣ «ቴ»፣ «ሴ» በመደብ እንጂ በጊዜ አይለወጡም። የሚከብደው ግሱ ነው። «ዶርሚር» «ሴ» ኖረውም አልኖረውም፣ በኃላፊ ጊዜ ሦስተኛ መደብ ላይ «ዱር» ይሆናል። «ሴንታርሴ» እና «ሴንቲርሴ»ም አሉ፤ «ሴ ሴንቶ» ተቀመጠ፣ «ሴ ሲንቲዮ» ተሰማው። የክፍል ሰዓቴን የምፈልገው ለእነዚህ ነበር፤ «ራሱን» የሚለውን ትርጉም ከተማሪ ጭንቅላት ሳወጣ ያልቃል።