ክብደትን ለመቀነስ የሚያዛልቀውን አመጋገብ ስለ መምረጥ፤ በደብረ ሲና ገበታ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ቍልቍለት ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ከበላይዋ ያለው የገብስና የባቄላ ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ከሚወርደው የማሽላና የጤፍ ቆላ ጋር የሚገናኝባት ናት። መንገደኛ ግን ከሁሉ ይልቅ በቆሎዋ ያውቃታል። በእንደዚህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ሐኪም «ክብደትህን ቀንስ» ቢለው ምን ዐይነት አመጋገብ ይምረጥ? ለአንድ ወር ያህል ሳይሆን ለዓመታት ሊጸናበት የሚችለው የትኛው ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

አስቀድሞ ግን ጉዳዩ ሁሉንም ሰው እንደማይመለከት መግለጽ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶው 22 ያህሉ ከሚገባው በላይ የከሱ ሲሆኑ፣ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በእርሻ የሚደክመውን ገበሬ ምግብህን ቀንስ ማለት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። ነገራችን ቀኑን በሱቅ ወይም በቢሮ ተቀምጦ ስለሚውለው የከተማ ሰው ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68፣ ክብደቱ 90 ኪሎ የሆነ ነጋዴ እናስብ። ክብደቱን በቁመቱ ስናካፍል፣ ውጤቱንም እንደገና በቁመቱ ስናካፍል 32 ያህል ይመጣል፤ ከ30 በላይ የሆነ ሰው ውፍረቱ እንደ በሽታ ይቈጠራል። ይህ ሰው መልከ መልካም ለመሆን አይደለም የሚጨነቀው፤ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያሰጋዋል። ደስ የሚያሰኘው፣ መዳኛው የሚመስለውን ያህል ሩቅ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ በተቃረቡ 3,234 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከክብደታቸው ከመቶ 7 እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት ክፍሎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 ቀንሷል። ለነጋዴያችን ከመቶ 7 ማለት 6 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው።

እንግዲህ በየትኛው መንገድ ይቀንስ? ስብ የሚቀነስበት ይሻላል፣ የለም እህልና ስኳር የሚቀነስበት ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ክፍል ስብን ሌላው እህልንና ስኳርን ለአንድ ዓመት ቀነሱ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ይህም ልዩነት ከቍጥር የሚገባ አልሆነም። ይልቁንም የሚያስገርመው በአንዱ ክፍል ውስጥ እንኳ ብዙ የቀነሰና ጭራሹን የጨመረ ሰው መገኘቱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመውና አራት ዐይነት አመጋገቦችን በ160 ሰዎች ላይ ባነጻጸረው ጥናትም፣ ውጤቱን የወሰነው የአመጋገቡ ስም ሳይሆን ሰውዬው ምን ያህል እንደጸናበት ሆኖ ተገኝቷል።

ጥያቄው «የትኛው ይጸናል?» ከሆነ ደግሞ መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል። እህልን ከሞላ ጎደል ትቶ በሥጋ፣ በዕንቁላል፣ በዐይብና በቅቤ መኖርን የሚያዘው የባዕድ አገር ዘዴ ዛሬ በአዲስ አበባም ወሬው በርክቷል። በደብረ ሲና ግን ይህ ዘዴ ከቀን መቍጠሪያው ጋር ይጋጫል። ረቡዕንና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀናት፣ የነቢያትን ጾምና ፍልሰታን የሚያከብር ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። በእነዚህ ቀናት ከዘዴው ምግቦች አንዱም አይበላም፤ እንጀራውን፣ ሽሮውንና ምስሩን ደግሞ ዘዴው ራሱ ይከለክላል። ስለዚህ ሰውዬው ከሁለቱ አንዱን ማፍረሱ አይቀርም፤ የሚያፈርሰውም የቱን እንደሆነ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም።

ምናልባት «እንዲህ ከሆነ ጾሙ ራሱ ያከሳዋላ!» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። አርፍዶ መብላት ብቻውን የሚሠራው ጥቂት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በቻይና 139 ወፍራም ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ ነበር፤ ሁለቱም ክፍሎች እኩል ምግብ እንዲቀንሱ ተደርጎ፣ አንደኛው ክፍል በቀን በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ እንዲበላ ታዘዘ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የክብደት ልዩነት አልታየም። ጾሙም የሚከለክለው የእንስሳት ተዋጽኦን እንጂ ዘይትንና ስኳርን አይደለም። አንድ ግራም ስብ፣ የቅቤም ይሁን የኑግ፣ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ይሰጣል። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዘይት የሚንሳፈፍ ሽሮ የሚበላ ሰው ጾሙን ይጾማል፤ ክብደቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ነጋዴያችን በወጡ ውስጥ በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበላል እንበል። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው። ሁለቱን ቢተው 240 ካሎሪ ይቀንሳል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ 12 ማንኪያ፣ ማለት 190 ካሎሪ ያህል ነው፤ በግማሽ ቢቀንሰው 95 ይተርፈዋል። በድምሩ በቀን 335 ካሎሪ ሆነ ማለት ነው፤ እንጀራው ግን አልተነካም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚገመት፣ በመጀመሪያው ወር አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ ሲያንስ የሚያቃጥለውም ስለሚያንስ ቅናሹ ይዘገያል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በአራተኛው ወር ተስፋ ይቈርጣል።

ስለ ቆሎው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ መቶ ግራሙ ከ350 ካሎሪ ያላነሰ ይይዛል፤ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ የሆነው እንጀራ ግን በዚያው ሚዛን የዚህን ግማሽ እንኳ አያህልም። ኦቾሎኒ የበዛበት ከሆነማ ጥቅሉ በቀላሉ አንድ ምሳ ያህላል። ቢሆንም ገብስ ከምግብ ቧንቧ ቶሎ የማይወርድ አሰር ስላለው፣ ማኘኩም ጊዜ ስለሚወስድ፣ አንድ እፍኝ ንጹሕ የገብስ ቆሎ በዘይት ከተጠበሰ ብስኩትና ቦምቦሊኖ እጅግ ይሻላል። እፍኝ አልሁ እንጂ ኪስ ሙሉ አላልሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሂሳቡ አይደለም፤ ገበታው የጋራ መሆኑ ነው። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ሆነው ሲሄዱ ደግሞ «በሞቴ» አለ፤ ጉርሻ አለ። ሰው ሲከሳም «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ይባላል እንጂ አይመሰገንም። ስለዚህ ለብቻው የሚበሰልለት አመጋገብ የመረጠ ሰው ከቤተሰቡ ይለያል፤ ለወጥ ሠሪዋም ድካም ይጨምራል። የሚሻለው የወጡ ዘይት ለቤቱ ሁሉ እንዲቀንስ ከባለቤቱ ጋር መመካከር፣ ከትሪው ላይ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ የራስንም እንጀራ ቍጥር መወሰን ነው። ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ካልተስማማችበት የትኛውም ምክር ከሐኪሙ በር አያልፍም።

መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ይህን ሁሉ ከሐኪም ጋር ሳይማከሩ መጀመር የለባቸውም፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይበላ ቢውል ስኳሩ አለቅጥ ሊወርድበት ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሃምሳዎቹ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ ዶሮው፣ ቅቤውና ጠላው ይከተላሉ፤ ግብዣውም አይቋረጥም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደት ከቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ረኃብን የሚቀሰቅሱት የሰውነት ንጥረ ነገሮች ወደ ቀድሞ ልካቸው አይመለሱም። ስለዚህ ነጋዴያችን በትንሣኤ ዋዜማ በጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ይቁም፤ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ይመዘን። ሁለት ኪሎ ጨምሮ ካገኘው ጰራቅሊጦስን ሳይጠብቅ የአንድ ማንኪያ ዘይቱን ልክ በዚያው ሳምንት ይመልስ።