አራስ ድመትና ልጆቿ በቤት ውስጥ ስለሚያሻቸው ጥበቃ

መግቢያ

ድመት በከተማም ሆነ በገጠር በብዙ ቤት ትኖራለች። የምትፈለግበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጎተራውንና ጓዳውን ከአይጥ ትጠብቃለች። ይሁን እንጂ ለላምና ለበግ፣ ለበቅሎና ለፈረስ የሚደረገው ጥንቃቄ ለእርሷ እምብዛም አይደረግም። «ድመት ራሷን ታውቅበታለች» ተብላ ትተዋለች። በዚህ አባባል ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ነገር ግን በወለደች ጊዜ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ የቤቱ ሰዎች የሚያደርጉትና የማያደርጉት ነገር በልጆቿ ሕይወት ላይ ሊፈርድ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየነው ቤት የደረሰ ነገር ነው። የቤቱ ድመት አራት ልጆች ወለደች፤ ከአራቱም አንዱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይህ ግልገል የሞተው ስለ ጠላነው ወይም ስለ ተውነው አይደለም፤ ልንረዳው ስንሞክር ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን በየቀኑ እየተመለከትን በደብተር መዝግበናል፤ ያላወቅነውንም የእንስሳት ሐኪም ጠይቀናል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከዚሁ የተገኘውን ነው።

1. የመኝታ ዝግጅት

ድመት የምታረግዘው ለ63 ወይም ለ65 ቀን ያህል ነው። ቀኗ ሲቃረብ ጡቶቿ ያብጣሉ፤ በየማዕዘኑ እየዞረች ጨለማና ጸጥተኛ ስፍራ ትፈልጋለች። በዚህ ጊዜ ተዘርግታ ልትተኛበት የምትችል ሣጥን ወይም ካርቶን ማዘጋጀት ይገባል። የሣጥኑ ግድግዳ ግልገሎቹ ተንፏቀው እንዳይወጡ ከፍ ያለ፣ በአንድ በኩል ግን ለእናቲቱ ዝቅ ያለ መግቢያ ያለው ይሁን። ከውስጡ የታጠበ አሮጌ ጋቢ ወይም አንሶላ ይነጠፍበታል፤ ክሩ የተተረተረ ጨርቅ ግን የግልገሎቹን እግር ስለሚተበትብ አይበጅም። ከሥሩም ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ሳንቃ ወይም የታጠፈ ጆንያ ማድረግ መልካም ነው።

የሆነ ሆኖ የመጨረሻው ምርጫ የእርሷ ነው። የእኛዋ ድመት በጥንቃቄ ያሰናዳንላትን ሣጥን አሽትታ ትታው ሄደችና ከአልጋ ሥር አሮጌ የትምህርት ማስታወሻ በተከማቸበት ካርቶን ውስጥ ወለደች። እኛም ወረቀቱን ቀስ ብለን በጨርቅ ለወጥነው እንጂ ስፍራዋን አላስለቀቅናትም። በዚህ አልተሳሳትንም፤ የካርቶኑ አንድ ጎን የተቀደደ መሆኑን ልብ አለማለታችን ግን ቆይቶ ዋጋ አስከፈለን።

2. ምጥና ወሊድ

ጤነኛ ድመት በምጧ ጊዜ ከሰው የምትሻው እርዳታ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ግልገል በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ እናቲቱ ሽፋኑን ቀድዳ ግልገሉን ትልሰዋለች፤ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፤ የእንግዴ ልጁንም ትበላለች። ይህን አይቶ መጸየፍም መከልከልም አይገባም። ሽፋኑን ሳትቀድ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ ብቻ እጅን ታጥቦ ከግልገሉ አፍና አፍንጫ ላይ መግፈፍና በንጹሕ ጨርቅ እያሹ ማድረቅ ያስፈልጋል።

በጽኑ እያማጠች እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ አንድም ግልገል ካልወጣ፣ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ነገሩ ከቤት ሰው ዐቅም በላይ ነውና የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። የታየውን ግልገል በኀይል መጎተት እናቲቱንም ልጁንም ይጎዳል።

3. ሙቀት ከምግብ በፊት

አዲስ የተወለደ ግልገል አያይም፤ አይሰማም፤ እንደ ትልቅ ድመት ተንቀጥቅጦ ሰውነቱን ማሞቅም አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት በዙሪያው ያለው አየር ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለበት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሰፊ ልዩነት የሚሞላው የእናቲቱ ገላና የወንድሞቹና የእኅቶቹ ገላ ነው። ከእነርሱ የተለየ ግልገል በአጭር ጊዜ ይቀዘቅዛል።

የእኛም አደጋ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንደኛው ግልገል በተቀደደው የካርቶን ጎን ወጥቶ በሲሚንቶው ላይ ተገኘ። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ ድምፁም አይሰማም ነበር። እኛ ግን የራበው መስሎን የላም ወተት አሞቅን፤ እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝተን በማንኪያ ጠብ አደረግንለት። ጥቂት ዋጠ፤ ጥቂቱም ባፍንጫው ተመለሰ። ከቀትር በፊት ሞተ።

የጠየቅነው ሐኪም በዚህ ሥራችን ውስጥ ሦስት ስሕተት አሳየን። የመጀመሪያው፣ የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ ስለማይሠራ የተሰጠውን ምግብ ሊያዋሕደው አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ በልብስ ውስጥ ከገላችን አስጠግተን ቀስ በቀስ ማሞቅ፣ ከሞቀም በኋላ ወደ እናቱ ጡት መመለስ ይገባን ነበር። ሁለተኛው፣ በጀርባው የተኛ ግልገል የሚሰጠው ወተት ወደ ሳንባው ይገባል፤ ግልገል ምንጊዜም እንደሚጠባ ሆኖ በሆዱ ተኝቶ ነው የሚመገበው። ሦስተኛው፣ የላም ወተት ከድመት ወተት ይልቅ ፕሮቲኑ በጣም ያነሰ ከመሆኑም በላይ ተቅማጥ ያመጣል። እናት የሌለው ግልገል ቢያጋጥም ለድመት ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ወተት ከሐኪም ዘንድ መጠየቅ ያሻል።

ለተጨማሪ ሙቀት በሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥኑ አንድ ጎን ማኖር ይቻላል፤ ግልገሎቹ ሲሞቃቸው የሚርቁበት ስፍራ ግን ሊቀርላቸው ይገባል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ድመቷንም ሰዎቹንም ይገድላል።

4. የአራሷ ምግብ

የግልገሎቹ ምግብ የእናታቸው ወተት ስለ ሆነ ልጆቹን መመገብ ማለት እናቲቱን መመገብ ማለት ነው። የምታጠባ ድመት ከወትሮው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ምግብ ትሻለች። በየቀኑ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢሰጣት ይሻላል፤ ምግቡና ውሃውም ልጆቿን ለረጅም ጊዜ ትታ እንዳትሄድ ከመኝታዋ አጠገብ ይቀመጥላት።

በዚህ ረገድ በብዙ ቤት የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። የእኛዋ ድመት የወለደችው በጾመ ነቢያት ነበር፤ በቤቱም ሽሮና ምስር እንጂ ሥጋ አልነበረም። እኛ ከምንበላው ፍትፍት ይሰጣት ነበር። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የተነገረው በግብዞች ላይ ነው። ስለ ድመቷ ብቻ ከተነጋገርን ግን ዓመሏን አለመርሳቷ ጥፋት ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነው። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ ይህን ለረጅም ጊዜ ያጣች ድመት ዓይኗ ይታወራል፤ ልቧም ይደክማል። ደግሞም በወጣችን ውስጥ የማይጠፉት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያጠፉ መርዞች ናቸው። እንግዲህ የወጥ ፍትፍት ለእርሷ ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ የሚያሻትን አይሰጣትም፤ የማያሻትን ይሰጣታል።

ጾም የሰው ሥርዓት ነው። ሰው እየጾመ ለድመቷ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጣት ጾሙን አያፈርስበትም። ዋጋው የከበደ እንደ ሆነ ከሥጋ ቤት ርካሽ ቁርጥራጭና ሳንባ ሊገኝ ይችላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጥሬውን መስጠት በሽታና ጥገኛ ትል ስለሚያመጣ በደንብ መቀቀል አለበት። ጉበት ሲበዛ ስለሚጎዳ ጥቂት ብቻ ይሁን።

5. ግልገሎቹን ስለ መከታተል

በመጀመሪያው ቀን የሚጠቡት እንገር ከበሽታ የሚጠብቃቸውን ኀይል ይዟል፤ ይህም ወደ ደማቸው የሚገባው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጡት መያዛቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ከሁሉ የበለጠው ምስክር ሚዛን ነው። ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም እጥፍ ይሆናል። እኛ ከጎረቤት በተዋስነው የወጥ ቤት ሚዛን በየማታው እናቲቱ ልትበላ ስትወጣ ሦስቱን እንመዝን ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ግልገል በዓይን ጤነኛ ቢመስልም በችግር ላይ ነው።

ዓይናቸው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይገለጣል፤ በእጅ መግለጥ አይገባም። እናቲቱ ሆዳቸውንና ከጅራታቸው በታች የምትልሰው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ያለዚያ ሊሸኑም ሊያራዱም አይችሉም።

የሰው አራስ በወዳጅ ጥየቃ ደስ ይላታል፤ አራስ ድመት ግን ጠያቂ አትወድም። በቁጡ ሰው ላይ «አራስ ነብር» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ድመትም የነብር ዘመድ ናት። ሰው የበዛባት እንደ ሆነ ልጆቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ይዛ ወደ ሌላ ስፍራ ታዛውራለች። ስለዚህ ልጆች ግልገሎቹን እንዳያነሡ፣ እንግዳም እንዳይሰበሰብባት መከልከል ይገባል።

6. ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የእናቲቱ ጡት ቀልቶ ከጠጠረና ካተኮሰ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየባት፣ ምግብ እንቢ ካለች ሕክምና ያሻታል። በተለይም ብትንቀጠቀጥና መራመድ ቢያቅታት፣ ወተቱ የደሟን ካልሲየም አሟጦ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ለሰው የተሠራ መድኃኒት አይሰጣትም፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ቁንጫ የበዛባቸው ግልገሎች በደም ማነስ ሊሞቱ ስለሚችሉ ቁንጫውን ማጥፋት ያሻል፤ ይሁን እንጂ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው።

7. ጡት ከመጣል በኋላ

በአራተኛው ሳምንት ገደማ ግልገሎቹ የላመ ሥጋ መቅመስ ይጀምራሉ፤ ከእናታቸው መለየት ያለባቸው ግን ስምንት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ ነው። ሦስት ወር ሲሆናቸው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሊወጉ ይገባል። እናቲቱ ገና እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል እርሷን ስለ ማስመከንም ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል። አለዚያ የማይፈለጉ ግልገሎች በጆንያ ታስረው በየጉድባው ሲጣሉ ማየታችን አይቀርም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። የግልገል ሞግዚት እናቱ ናት፤ የሰው ሥራ እናቲቱ ሥራዋን እንድትሠራ ማመቻቸት ነው። የሞቀ መኝታ፣ ሥጋ ያለበት ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጸጥታና በየቀኑ አንድ ጊዜ ሚዛን ከተሟሉላት የቀረውን እርሷ ታውቅበታለች። እኛ የእርሷን ሥራ በማንኪያ ልንሠራ ስንነሣ አንድ ልጅ ገደልንባት፤ ካርቶኑን ጠግነን፣ ጠርሙስ አሙቀን፣ እርሷን መመገብ በጀመርን ጊዜ ግን የቀሩት ሦስቱ አደጉ። አንዷ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፤ አንዱ ሰፈራችን ባለው ወፍጮ ቤት ተቀጥሯል፤ ሦስተኛው ሚዛኑን ያዋሱን ጎረቤት ቤት ይኖራል።