የምጽዋው ሰርጓጅ አዛዥና የወርቅ ሜዳዩ

ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ አፋፍ ወዲያ ማዶ የሚወርደው የጀማ ወንዝ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል እንጂ ቀይ ባሕርን አያውቀውም። ስለዚህ የመርሐቤቴ ሰው ስለ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሲወራ «እኔን ምን አገባኝ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1932 ዓ.ም. የሸዋ አርበኛ የሚዋጋው ጠላት ከሀገሩ ጋር የሚገናኘው በባሕር ነበር፤ የስዊዝ ካናል ደግሞ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ሰኔ 3 ቀን ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። የተሰጣቸው ሥራ በኤደን አድርጎ ወደ ስዊዝና ወደ ፖርት ሱዳን የሚያልፈውን የእንግሊዝ መርከብ ማስቆም ነበር። ከስምንቱ አንዷን፣ ቶሪቼሊን፣ ያዘዘው ሳልቫቶሬ ፔሎሲ የሀገሩን ከፍተኛውን የጀግንነት ሽልማት፣ የወርቅ ሜዳይን፣ ተሸልሟል። ሽልማቱ አይገባውም አልልም። የምለው ሜዳዩ የተሰጠው መርከቧ ሰርጓጅነቷ ባበቃበት ሰዓት ለተደረገ ውጊያ መሆኑን ነው፤ የቀይ ባሕር ጦርነት የተበየነው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ነገሩ እንዲገባን መሣሪያውን እንወቀው። የዚያን ዘመን ሰርጓጅ ላይ ላዩን ስትሄድ በናፍጣ ሞተር፣ ስትጠልቅ በባትሪ ትንቀሳቀሳለች። ባትሪው ሲያልቅ ብቅ ብላ መሙላት ግድ ስለሚሆንባት ይህን የምታደርገው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። ኃይሏ በሙሉ መሰወሯ ላይ ነው። ቶሪቼሊ ቶርፔዶዎቿን ሳይጨምር የነበራት አንድ የ100 ሚሊሜትር መድፍና ጥቂት መትረየስ ብቻ ነው። ጥይት አካሏን አንዴ ከበሳው መጥለቅ አትችልም፤ መጥለቅ ካልቻለች ደግሞ ቀስ ብላ የምትሄድ ደካማ ጀልባ ናት።

ሰኔ 16 ቀን ማለዳ የሆነውም ይኸው ነው። ቶሪቼሊ ተጎድታ ወደ ምጽዋ ስትመለስ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ ከፔሪም ደሴት አጠገብ፣ የእንግሊዝ መርከቦች አገኟት። ካንዳሃር፣ ኪንግስተንና ካርቱም የሚባሉት ሦስት ዲስትሮየሮች ብቻ በድምሩ 18 የ120 ሚሊሜትር መድፍ ነበራቸው፤ ሾርሃምን የመሰሉ አነስ ያሉ የጦር መርከቦችም አብረዋቸው ነበሩ። ፔሎሲ እጅ አልሰጠም። ከግማሽ ሰዓት በላይ በአንድ መድፉ ተኮሰ፤ ቶርፔዶም ለቀቀ፤ አልመታም። ራሱ ቆሰለ። በመጨረሻ ጠላት እንዳይማርካት መርከቧን አስጥሞ ከተረፉት ሰዎቹ ጋር ተማረከ። እንግሊዞቹም ኤደን ላይ በክብር ነው የተቀበሉት።

«ካርቱምስ በዚያው ቀን ሰጥማ የለም ወይ? ታዲያ እንዴት ተሸነፈ ይባላል?» የሚል ይኖራል። ካርቱም መስጠሟ እውነት ነው። ሆኖም የሰጠመችው ከውጊያው ሰዓታት በኋላ የገዛ ቶርፔዶዋ የአየር ጋን ፈንድቶ እሳት ስላስነሳ ነው። ጣሊያኖች ምክንያቱ የቶሪቼሊ ጥይት ፍንጣሪ ነው ይላሉ፤ እንግሊዞች አደጋ ነው ይላሉ። የጣሊያኖቹን ቃል ብንቀበል እንኳ አንዲት ዲስትሮየር መስጠሟ መንገዱን አልዘጋውም። ሌላው ደግሞ «ጀግንነት በውጤት አይለካም» ይለኛል። በዚህ እስማማለሁ፤ በወራሪ ባንዲራ ሥር የተዋጋም ሰው ልበ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ግን ሜዳዩን ብቻ ያየ ሰው ምጽዋ የተሸነፈችው በመድፍ ብዛት ይመስለዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። በሰርጓጆቹ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው የሚሠራው ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ነበር፤ ጋዙ ሲያፈተልክ መርከበኛው ሳያውቀው ይመረዛል፤ አእምሮውን ይስታል። በመቀሌ ከተማ ስም የተሰየመችው ማካሌ (የያዙትን አገር ስም መርከብ ላይ መለጠፍ ልማዳቸው ነበር) ሠራተኞቿ ተመርዘው ሰኔ 8 ቀን ከሱዳን ዳርቻ ወዲህ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ቀረች። በአራተኛው ቀን ሌላዋን ሰርጓጅ፣ ጋሊሌኦ ጋሊሌይን፣ ሙንስቶን የተባለች፣ ለጦር የታጠቀች ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ኤደን አጠገብ ማረከቻት፤ በውስጧ የተገኙት ሰነዶችም የጓደኞቿን ምስጢር ለእንግሊዞች አሳልፈው ሰጡ። ሰኔ 17 ቀን ጋልቫኒ የምትባለው ሰርጓጅ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰጠመች። ጦርነቱ ወር ሳይሞላው ከስምንቱ አራቱ አለቁ። ይህን የፔሎሲ ወኔ ሊያድነው አይችልም ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ነፃነታችንን ያመጣው የጣሊያን ሰርጓጅ ድክመት ነው ብል የአርበኛውን አምስት ዓመት መካድ ይሆንብኛል። ግን መንገዱ ክፍት በመሆኑ የህንድ 5ኛ ክፍለ ጦር በ1933 መባቻ ግድም ሱዳን ገባ፤ ይኸው ጦር ከረን ላይ ተዋጋ፤ ከረንም መጋቢት 18 ተያዘች። የተረፉት አራት ሰርጓጆች ቀደም ብለው ከምጽዋ ወጥተው፣ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ገቡ። ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. እጅ ሰጠች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ፔሎሲ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ምርኮኛ ነበር።