ስፓይራል ጄቲ፦ ግማሹ አፈር፣ ግማሹ ፊልም

አሜሪካዊው ቀራጺ ሮበርት ስሚዝሰን ስፓይራል ጄቲን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970፣ በዩታ ግዛት በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳርቻ፣ ሮዘል ፖይንት ላይ ነው። ጥቁር የባዛልት ድንጋይና አፈር በገልባጭ መኪና እያስደፋ 457 ሜትር የሚረዝም፣ 4.6 ሜትር የሚሰፋ መንገድ ወደ ውሃው አስገባ። መንገዱ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል።

ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ስሚዝሰን በዚያው ዓመት በዚሁ ስም ፊልም መሥራቱን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ የሚያነሱትም አብዛኞቹ «የግንባታው ማስረጃ» ብለው ያልፉታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በፊልሙ ገልባጮቹ ድንጋይ ሲዘረግፉ እናይና፣ ካሜራው በድንገት ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብቶ ቀይ ሆኖ የሚታይ የዳይኖሰር አጽም ያሳየናል። ግንባታን ብቻ ለመዘገብ የፈለገ ሰው አጽም ምን ያደርግለታል? ስሚዝሰን የፈለገው የአንድን ወቅት የማሽን ሥራ ከምድር ዕድሜ ጎን ማቆም ነበር፤ ይህን ደግሞ ድንጋዩ ብቻውን ሊናገር አይችልም። መጨረሻ አካባቢ ራሱ በድንጋዩ ላይ ወደ መሃል ሲሮጥ ሄሊኮፕተር ከላይ ይከተለዋል።

በእግሬ ስሄድበት የፊልሙ አስፈላጊነት ይበልጥ ገባኝ። ዳርቻው አጠገብ ያለው ኮረብታ ላይ ካልወጡ በስተቀር ጥምዝምዙ አይታይም፤ እግር የሚያውቀው የሚሻክረውን ድንጋይ፣ የሚንኮሻኮሸውን ጨውና በየመታጠፊያው የሚዞረውን አድማስ ነው። ሄሊኮፕተሩ ቅርጹን ሲሰጠን ክብደቱን ይነሳናል፤ መሬቱ ክብደቱን ሲሰጠን ቅርጹን ይሰውርብናል። ሥራው የሚሞላው ሁለቱን ያየ ሰው ዘንድ ነው።

ስሚዝሰን ቦታውን የመረጠው ለውሃው ቅላት ነበር። በ1959 የተጠናቀቀው የባቡር መንገድ ሐይቁን ለሁለት ስለከፈለው ሮዘል ፖይንት ያለበት የሰሜኑ ክፍል ወንዞች ከሚያስገቡት ውሃ ተነጥሎ ጨዋማነቱ በረታ፤ ጨው ወዳድ ረቂቅ ሕዋሳትም አቀሉት። ሥራው ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐይቁ ሞልቶ ድንጋዩን ዋጠው። ስሚዝሰን በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ድንጋዩ በ2002 ገደማ በድርቅ ምክንያት ዳግም እስኪወጣ ድረስም ዓለም ሥራውን ባብዛኛው ያየው በፊልምና በፎቶግራፍ ነው።

ጎብኚዎችን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ድንጋይ ለማስታወሻ ብላችሁ አትውሰዱ፤ እየከመራችሁም የራሳችሁን ቅርጽ አትሥሩ። ባለቤቱ ዲያ የጥበብ ፋውንዴሽን ይህንኑ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ድንጋይ ቢያነሳ ነገ የምንረግጠው አይኖርም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው በቅድሚያ ፊልሙን ቁጭ ብሎ ይመልከት። ዛሬ ሐይቁ በመሸሹ ድንጋዩ የቆመው በአሸዋና በጨው መሃል ነው፤ ስሚዝሰን በቀይ ውሃ ከብቦ የሠራውን ሥራ አሁን የሚያሳየን ፊልሙ ነው።