ሕያው ሕዋስ መድኃኒት ሆኖ ለገበያ ሲቀርብ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በ279 ሄክታር መሬት ላይ የተዘረጋው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሌሎቹ የአገሪቱ ፓርኮች የሚለየው ለመድኃኒት አምራቾች ታስቦ በዓለም ባንክ ብድር የተገነባ በመሆኑ ነው። ዓላማው በ2015 ይፋ ከሆነው የአሥር ዓመት የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ስትራቴጂ ጋር የሚሄድ ሲሆን፣ አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የምትሸምተውን እንክብል፣ ሽሮፕና መርፌ በአገር ውስጥ ምርት መተካት ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች በአብዛኛው የኬሚካል ውሕዶች በመሆናቸው ቀመሩ ከታወቀ፣ ጥሬ ዕቃው ከተመረመረና መሣሪያው በአግባቡ ከተስተካከለ የመጀመሪያው እንክብል ከመቶ ሺኛው አይለይም። ከእነዚህ ፍጹም የተለየው፣ በበለጸጉት አገሮች ገበያ ውስጥ ቀስ በቀስ ቦታ በመያዝ ላይ ያለው ምርት ግን ራሱ ሕይወት ያለው፣ የሚተነፍስ፣ የሚባዛና የሚሞት መድኃኒት ነው።

የዚህ መድኃኒት ጥሬ ዕቃ ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል ይባላል። ግንደ ሕዋስ ራሱን እየተካ የመባዛት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ደም፣ ወደ ቆዳ፣ ወደ ነርቭ ወይም የተለየ ሥራ ወዳለው ሌላ ሕዋስ የመለወጥ ችሎታ ያለው ሕዋስ ሲሆን፣ ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ጋገራ እንደሚቀመጥ እርሾ፣ በተከፈለ ቁጥር ከፊሉ ለሥራ ይሄዳል፣ ከፊሉ ግንድ ሆኖ ይቀራል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ በአጥንት መቅኔ፣ በቆዳ፣ በዓይን ብሌን ጠርዝና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛል፤ የነዚህ የመለወጥ አቅም ግን የተወሰነ ነው። ወደ ማንኛውም የሰውነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችለውን ከጥቂት ቀናት ዕድሜ የሰው ፅንስ አውጥቶ በቤተ ሙከራ ያባዛው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቶምሰን በ1998 ነበር። ይህ ሥራ ፅንሱን ስለሚያጠፋ በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ረገድ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ክርክሩ ገና ሳይበርድ በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ አራት ዘረመሎችን በማስገባት ተራውን የአይጥ የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንድነት መመለስ እንደሚቻል አሳየ፣ በቀጣዩም ዓመት በሰው ሕዋስ ደገመው፣ በ2012 ደግሞ ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ግንደ ሕዋስ በሐኪሞች እጅ ነበር። አሜሪካዊው ዶናል ቶማስ የመቅኔ ንቅለ ተከላን በሰው ላይ የሞከረው በ1957 ሲሆን፣ መቅኔው ውስጥ የሚሠራው የደም ግንደ ሕዋስ መሆኑን የካናዳዎቹ ቲልና ማካሎክ በ1961 በአይጦች ላይ አረጋገጡ። በሕክምናው የታማሚው መቅኔ በብርቱ መድኃኒት ወይም በጨረር ከጠፋ በኋላ የለጋሽ ሕዋስ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ሕዋሱም ራሱ መንገዱን ፈልጎ አጥንት ውስጥ ይሰፍራል። ዛሬም ድረስ በዓለም ላይ ብዙ ሰው ያዳነው የግንደ ሕዋስ ሕክምና ይኸው ነው። ሊተኮርበት የሚገባው ነገር ይህ ሕክምና የንግድ ዕቃ አለመሆኑ ነው፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የያዘበት ኩባንያ ስለሌለ ወጪው የሚውለው ከተዋሲያን ለተጠበቀ የተኝቶ ማከሚያ ክፍል፣ ለጋሽና ታማሚን ለሚያዛምድ ቤተ ሙከራ፣ ለማያቋርጥ የደም አቅርቦትና ለሠለጠነ የሰው ኃይል ነው። ይህን ሕክምና የሚሹ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት በቦርድ እየተጻፈላቸው ወይም የዘመድ ወዳጅ መዋጮ እየተሰበሰበላቸው ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄዱ ኖረዋል።

ንግዱ የሚጀምረው ሕዋሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ፋብሪካ ሲገባ ነው፤ በዚህም ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከታማሚው ከራሱ ወስዶ፣ አባዝቶ ለራሱ መመለስ ነው። በየካቲት 2015 በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደ የመጀመሪያው የግንደ ሕዋስ መድኃኒት የሆነው ሆሎክላር የዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ በኬሚካል ወይም በእሳት ተቃጥሎ ማየት ለተሳነው ዓይን የሚሆን ነው። ጣሊያናውያኑ ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ ከደህናው የብሌን ጠርዝ ከሁለት ካሬ ሚሊሜትር የማይበልጥ ቅንጣት ወስደው በሞዴና ከተማ ቤተ ሙከራ እንደ ስስ ሽፋን ያሳድጉታል። የተዘጋጀው ሽፋን የሚቆየው 36 ሰዓት ብቻ በመሆኑ የቀዶ ጥገናው ሰዓት የሚወሰነው ከአውሮፕላኑ ሰዓት ጋር ተስማምቶ ነው። ሕክምናው ይሠራል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ታማሚ ራሱን የቻለ አንድ ምርት ስለሆነና የታማሚዎቹም ቁጥር ትንሽ ስለሆነ አምራቹ ኩባንያ በ2022 መጨረሻ ወደ መዘጋት ደርሶ በጣሊያን መንግሥት የሚደገፍ ፋውንዴሽን ታደገው። ሳይንሱ ያሸነፈበትን ምርት ሒሳቡ ሊገድለው ይችል ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከአንድ ጤነኛ ለጋሽ የተወሰደውን ሕዋስ ለብዙ ታማሚዎች አባዝቶ፣ አቀዝቅዞ መሸጥ ነው። ነጋዴን የሚማርከው ይህ ነው፤ አስቸጋሪነቱን ግን የአንድ ምርት ታሪክ ያሳያል። የተተከለው መቅኔ የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ በሚያጠቃበት ሕመም ለተያዙ ሕፃናት የተዘጋጀው ሬመስተምሰል የተባለ መድኃኒት በካናዳ የተፈቀደው በ2012 ነበር። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን በ2020 አማካሪዎቹ 9 ለ 1 በሆነ ድምፅ ቢደግፉትም አልፈቀደም፣ በ2023ም ዳግም መለሰው፣ ፈቃዱን የሰጠው በታኅሣሥ 2024 ነው። ከጥያቄዎቹ ዋነኛው ሕዋሱ ይሠራል ወይ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ የተመረተው ከረጢት ካለፈው ዓመቱ ጋር እኩል አቅም እንዳለው በምን ይለካል የሚል ነበር። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ሁለት ሚሊዮን ሕዋስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ስለሆነ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 320 ሚሊዮን ሕዋስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሕዋስ በተባዛ ቁጥር ያረጃል፣ ጠባዩም ይለወጣል፤ ስለዚህ የፋብሪካው ትልቁ ሥራ ማብዛቱ ሳይሆን ሲበዛ እንዳይለወጥ መጠበቁ ነው። ፈቃድ ማግኘትም የመንገዱ መጨረሻ አይደለም፤ በ2018 በአውሮፓ የተፈቀደው አሎፊሴል ተከታዩ ሰፊ ሙከራ ጥቅሙን ሳያረጋግጥ በመቅረቱ በ2024 ከገበያ ወጥቷል። ከፅንስ በተገኘ ሕዋስ የአከርካሪ ጉዳትን ለማከም በ2010 የመጀመሪያውን ታማሚ የተቀበለው ጌሮን የተባለው ኩባንያም በዓመቱ ሙከራውን ያቆመው በገንዘብ ምክንያት ነበር።

እንዲህ ያለ ምርት ከፋብሪካ እስከ ታማሚው አልጋ ከዜሮ በታች 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ ባነሰ ቅዝቃዜ መጓጓዝ አለበት፤ የማቀዝቀዣውም ምንጭ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። በዚህ ረገድ አቃቂ ቃሊቲ ለጉዳዩ ፍጹም እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ይባል የነበረው ቃሊቲ የሚገኘው የእንስሳት ዝርያ ማሻሻያ ተቋም ሕያው ሕዋስን አዘጋጅቶ፣ መርምሮ፣ አቀዝቅዞ ወደ ሩቅ ቦታ በመላክ የአሥርት ዓመታት ልምድ አለው። የኮርማ አባለዘር በአጉሊ መነጽር ተመርምሮ፣ ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት በሚከላከል ፈሳሽ ተበርዞ፣ የኮርማው መለያ በታተመባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይሞላና ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ባለው ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ በየወረዳው ላሉ አዳቃይ ቴክኒሺያኖች ይደርሳል። በረዶ እንዳይፈጠር የመከላከሉ፣ የመለያ ምዝገባውና ሲቀልጥ በሕይወት የተረፈውን የመቁጠሩ ሥራ በሰው ሕዋስ ሕክምና ከሚሠራው ጋር በመርሕ አንድ ነው። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በማዳቀል ሥራው በየጊዜው እንደሚያጋጥመው ናይትሮጅኑ ተቆራርጦ ሕዋሱ ቢሞት ላሚቱ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች፣ መቅኔው ሆነ ተብሎ የጠፋበት ሕፃን ግን ሁለተኛ ዕድል አይኖረውም።

ሕዋስን በፋብሪካ ደረጃ የማሳደጉ ልምድም ሩቅ አይደለም። ከአቃቂ በስተደቡብ ምሥራቅ በቢሾፍቱ በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የቫይረስ ክትባቶችን የሚያመርተው በቤተ ሙከራ በሚባዙ የእንስሳት ሕዋሶች ላይ ሲሆን፣ ምርቱን ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይሸጣል። በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው የደስታ በሽታ የተሸነፈውም በሕዋስ ላይ በተመረተ ክትባት ነበር። በዚያው ከተማ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል የክትባቶችን ጥራት ከአምራቹ በተለየ እጅ ይመረምራል፤ ለሰው ሕዋስ ሕክምናም ሊቀዳ የሚገባው አሠራር ይህ ነው። በሰው ሕብረ ሕዋስ ረገድም በ2003 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተለገሰ ብሌን በሰዓታት ውስጥ ሰብስቦ ለቀዶ ጥገና ያደርሳል፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላም ለጋሽና ተቀባይን የማዛመድ ዕውቀትን ወደ አገር አስገብቷል።

የጎደለው ምርምርን ወደ ምርት የሚያሻግረው መካከለኛው ድልድይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት በ1964 በዓድዋ ሲሆን፣ ከ25 ዓመት በኋላ በስዊድን «አማራጭ ኖቤል» በሚባለው ሽልማት ቢከበሩም ግኝታቸው በሰፊው ጥቅም ላይ አልዋለም፤ ዓለም አቀፍ ተቋማት የጠየቁትን የደኅንነት ምርመራ በሚፈለገው የቤተ ሙከራ ሥርዓት የሚያካሂድ ተቋምና ገንዘብ በአገር ውስጥ አልነበረምና። በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ዛሬ ክሊኒካዊ ሙከራዎችን ያካሂዳል፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓ.ም.) የተደራጀው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለሙከራዎች ፈቃድ ይሰጣል። ቢሆንም የደም ግንደ ሕዋስን ዘረመል አርሞ የሚመልሰውና በ2023 መጨረሻ የተፈቀደው ካስጌቪ የአንድ ሰው ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ሲታይ፣ ለኢትዮጵያ የሚቀድመው እንዲህ ያለውን መድኃኒት መሸመት ወይም መኮረጅ ሳይሆን ባለቤትነት የማይጠየቅበትን የመቅኔ ንቅለ ተከላ በመንግሥት ሆስፒታል አጠናክሮ ማቋቋም ነው፤ የሕዋስ ማባዣ ክፍል በቂሊንጦ ቢተከል እንኳ ምርቱን የሚቀበል ክፍል በጥሩነሽ ቤጂንግም ሆነ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሌለ ገዢ የሌለው ፋብሪካ ይሆናል።

ይህ እስኪሆን ክፍተቱን የሚሞሉ ነጋዴዎች አሉ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ክሊኒኮች ከታማሚው ስብ ወይም ከእትብት ደም የወሰዱትን ሕዋስ ለስኳር፣ ለጉልበት ሕመም፣ ለኦቲዝምና ለዓይነ ስውርነት እኩል ፈውስ እንደሚሰጥ እያስተዋወቁ ይሸጣሉ። በ2015 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው የነበራቸውን ብርሃን አጥተዋል፤ ሁኔታው በ2017 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር የከፈሉ ሲሆን፣ ከመካከላቸውም በመንግሥት የሙከራ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ያገኙትን እንደ ምርምር ቆጥረው የገቡ ነበሩ። ስለዚህ ዘመድ ለማሳከም ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ክሊኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሕክምናው ለዚህ በሽታ በየትኛው አገር ተቆጣጣሪ ተፈቅዷል፣ ሙከራ ከሆነ ለምን ክፍያ ይጠየቃል፣ ሕዋሱንስ ያመረተውና የመረመረው ማን ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ ገንዘቡን አይክፈል።